ሁለት ባለቤት ያለው ደቦ

በሰው ኮት ቀንቼ አላውቅም ነበር። በበቅሎ ቀንቻለሁ። በሚስት ዘመድ ብዛት ቀንቻለሁ። አንድ ጊዜማ በጎረቤቴ ጉንፋን ቀንቻለሁ፤ ባነጠሰ ቁጥር ሰፈሩ ሁሉ «ይማርህ!» ሲለው፣ እኔ ጣራ የሚያስነሳ ማስነጠስ አስነጥሼ ዞር ብሎ ያየኝ የለም። ኮት ግን ለእኔ ብርድ መከላከያ ነበር፣ በቃ። በማዘጋጃ ቤቱ ግቢ የታችኛው ሰፈር ልብስ ሰፊ ለብሶት የመጣውን ኮት እስካይ ድረስ።

ጣሊያን ከወጣ በኋላ ባሉት ዓመታት፣ ጎንደር ላይ ነው። እኔ በላይኛው ሰፈር ጨውና ላምባ የምቸረችርባት፣ ሁለት ሰው ከገባባት ሦስተኛው እግሩን ውጭ የሚተውባት ሱቅ ነበረችኝ። የሰፈሩ ተጠሪም ነበርኩ። ተጠሪ ያደረጉኝ አዋቂ ሆኜ አይደለም፤ ዝም ማለት ስለማልችል ነው። በቀልድ የሚስተካከለኝ ሰው ከአይከል እስከ ቆላ ድባ አልነበረም። ይህን የምለው ራሴን ለማሞገስ አይደለም፤ ሌላ የሚለው ሰው ስለጠፋ ነው።

ያን ቀን የየሰፈሩ ተጠሪዎች ከነአጃቢዎቻችን ተጠርተን ግቢው ውስጥ ቆመናል። የማዘጋጃ ቤቱ ጸሐፊ፣ ቦርሳውን ከብብቱ የማያወርድ ቀጭን ሰው፣ ደረጃው ላይ ወጥቶ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እስከ ዛሬ የከተማው ሥራ የሚሠራው ከጠቅላይ ግዛቱ ግምጃ ቤት በሚሰጠን ገንዘብ ነበር» አለ። «ከእንግዲህ ያ ቀርቷል። ማዘጋጃ ቤቱ ከገበያውና ከቄራው በሚያገኘው በራሱ ገቢ ብቻ ይተዳደር ተብሏል። ገቢያችንን ደግሞ ታውቁታላችሁ።»

እናውቀዋለን። ለመጥረጊያ እንኳ አይበቃም።

«ስለዚህ ቧንቧ የሚፈልግ ሰፈር ካለ፣ ቱቦውንና ግንበኛውን እኛ እናመጣለን፤ ቦዩን መቆፈርና ድንጋዩን ማቅረብ የእናንተ ነው። ያውም ለአንድ ሰፈር አንድ ቧንቧ የለም። ሁለት ሁለት ሰፈር ሆናችሁ፣ ተጋግዛችሁ ለሠራችሁ ብቻ ነው።»

ጉምጉምታው ሳይበርድ ቀልዴን ወረወርኩ። «ታዲያ ጌታዬ፣ ከነማን ጋር ሊያጋቡን ነው?»

ጥቂት ሰው ፈገግ አለ። ሳቁ ሊመጣ መንገድ ላይ ነበር፤ አውቀዋለሁ፣ የሳቅ አመጣጥ ይገባኛል። በዚህ መካከል ከግራ በኩል እንደ ማር የወፈረ ድምፅ ተነሣ።

«ከእኛ ጋር ነዋ አያ! እናንተ ከላይ ያጠባችሁበትን ውሃ ከታች ስንጠጣ የኖርን ሰዎች ካላገባናችሁ፣ ሌላ ማን ያገባችኋል?»

ግቢው ፈረሰ። ጸሐፊው እንኳ ቦርሳውን ጥሎ ሳቀ። ይባስ ብሎ ከኋላዬ የቆሙት የገዛ ሰፈሬ ሰዎች፣ ለእኔ ቀልድ ከንፈራቸውን ቆጥበው የኖሩት፣ ሆዳቸውን ይዘው ይንፈራገጣሉ። ዞር ብዬ ባይ የታችኛው ሰፈር ተጠሪ፣ ልብስ ሰፊው ነው። ኮቱ የተሰፋ አይመስልም፤ አብሮት የተወለደ ይመስላል። ትከሻው ላይ ዝንብ ብታርፍ ተንሸራታ ትወድቃለች። አያ ያለኝ ደግሞ ታላቁ ሆኜ አይደለም፤ በዕድሜ እኩያዬ ነው። ሊያከብረኝ ይሁን ሊያስረጀኝ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ስንሰናበት ጸሐፊው እኔን በአንድ እጁ ጨበጠኝ። ልብስ ሰፊውን በሁለት እጁ። አየሁ።

«ሐሙስ ጠዋት ቱቦውን አስጭኜ እመጣለሁ» አለን። «ክረምት ከመግባቱ በፊት መቀበር አለበት። እናንተ ካልተስማማችሁ ከቀሃ ወንዝ ማዶ ያሉት ሁለት ሰፈሮች ሊወስዱት ቆመው ይጠብቃሉ።»

ቤቴ ስደርስ ቀልዱ ቀድሞኝ ደርሷል። ባለቤቴ ምሰሶውን ተደግፋ ትስቃለች፤ እርጉዝ ናት፣ ሆዷ ገፍቷል፣ ሳቋ ከነሆዷ ያንቀጠቅጣታል።

«ያጠባችሁበትን ውሃ! እሰይ፣ የልቡን ተናገረ!»

«የእኔንስ ነገሩሽ? ከነማን ጋር ሊያጋቡን ነው ያልኩትን?»

«አንተም ተናግረህ ነበር እንዴ?»

ከዚህ በላይ ምን ቢላ አለ? ደግነቱ ሳቁን ትታ ቁም ነገር ጀመረች።

«ስማኝ» አለች። «ይህን ሆድ ይዤ ከአንገረብ ወንዝ አቀበቱን ስወጣ አይተኸኝ ታውቃለህ? አታውቅም፤ አንተ ሱቅ ነህ። ትናንት እንስራው ከነውሃው ወደ ኋላ ጎትቶኝ ለጥቂት ነው የተረፍኩ። ቧንቧው የእናንተም ይሁን የነሱ፣ የዲያብሎስም ይሁን፣ ብቻ ይምጣልኝ።»

«ይመጣል» አልኳት። ግን የማን ሆኖ እንደሚመጣ ማሰቤን አልተውኩም። ውሃው የሁለታችን ሰፈር ይሁን፤ እሺ። የልብስ ሰፊው እንዲሆን ግን በምንም ዓይነት አልፈቅድም።

መላውን ያገኘሁት በማግስቱ ነው፤ ባገኘሁትም ጊዜ በገዛ ብልጠቴ ቀናሁ። የደቦ ነገር በእኛ አገር የታወቀ ነው። ደቦ የጠራ ሰው ጠላውን ይጠምቃል፣ እህሉን ያዘጋጃል። የተጠራ ደግሞ ዶማውንና አካፋውን ከቤቱ ይዞ ይመጣል፤ ቆፍሮ፣ በልቶ፣ መርቆ ይሄዳል። ሥራው የማን ነው ቢባል የቆፈረው ሰው አይደለም። ያበላው ነው።

ሰፈሬን ሰበሰብኩና ይህንኑ ነገርኳቸው። «እኛ ካበላን ቧንቧው የእኛ ነው። እነሱም ይቅዱ፣ ማን ከለከላቸው! እየቀዱ ግን አንገታቸውን ደፋ ያደርጋሉ።»

ሰፈሩ በወሬው እንደ እሳት ተያያዘ። አንድ ሽማግሌ ቄስ ብቻ ነበሩ መቋሚያቸው ላይ አገጫቸውን አስደግፈው ያላመኑኝ።

«ልጄ፣ እንደምታበላቸው ልከህ ነግረሃቸዋል?»

«ምን መናገር ያስፈልጋል አባ? ቆፍሩ ተብለው የለም? ዶማቸውን ይዘው ይመጣሉ፤ ሲመጡ ድግሱን ያያሉ፤ ሲያዩ ይደነግጣሉ።»

«ከደነገጡስ ሸጋ» አሉና መቋሚያቸውን አንስተው ሄዱ።

ድግሱን ምን ብዬ ልንገራችሁ። የጠላው ሽታ ሲነሣ በላያችን የሚያልፉ አሞሮች አቅጣጫ ይስቱ ጀመር። የዳቦው ብዛት ቢደረደር ከእኛ ቤት እስከ ፒያሳ ሰው ሳይረግጥ አያልፍም። በጎቹ እኔን ሲያዩ ግድግዳ ተደግፈው ይቆሙ ነበር። ሐሙስ ማለዳ ጉዞ ስንጀምር ፊት ሆኜ መራሁ። አንድ ጎረቤቴ ልማድ ሆኖበት ዶማ ተሸክሞ ብቅ ሲል ጮህኩበት።

«መልስ! ምነው፣ ባለ ደቦ ዶማ ይይዛል እንዴ? ልታዋርደን ነው?»

ሰውዬው አፍሮ ሮጦ ዶማውን ጣለና አንድ ጋን አቅፎ መጣ።

ቧንቧው የሚተከለው በሁለቱ ሰፈሮች መካከል ካለች ሜዳ ላይ ነው። እኛ ከላይ ስንወርድ እነሱ ከታች ይወጣሉ። ፀሐይ ዓይኔን ወግቶኝ መጀመሪያ የያዙትን አልለየሁትም። ቀረብ ሲሉ ግን አየሁ። መሶብ። ከመሶቡ ኋላ ጋን። ከጋኑ ኋላ ሌላ መሶብ። ሁሉም መሶብ አንድ ዓይነት፣ ዳር ዳሩ በቀይ ክር የተዘመዘመ ልብስ ለብሷል፤ እርግጠኛ ነኝ በገዛ የስፌት መኪናው ነው የሰፋው። የእኛ መሶቦች ከየቤቱ በተገኘ ነጠላ ነበር የተሸፈኑት። ያን ጊዜ፣ ያ ሁሉ መዓት ከፊቴ ቆሞ፣ እኔ መጀመሪያ የቀናሁት በመሶብ ልብሱ ነው።

«እንደምን አደራችሁ!» አለ ልብስ ሰፊው፣ እጁን ዘርግቶ። «ኑ፣ አረፍ በሉ። ከሥራው በፊት ትንሽ ቅመሱ።»

«እናንተ ቅመሱ እንጂ፤ የመጣችሁት እናንተ።»

«ምነው አያ፣ እንግዳ ባለቤቱን ይጋብዛል?»

«እኔም ይህንኑ ልጠይቅህ ነበር።»

ዓይኑ ከትከሻዬ በላይ አልፎ ሰዎቼን ቃኘ። የእኔም ዓይን የሱን ሰዎች ቃኘ።

«ዶማችሁስ?» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«የእናንተስ?»

ሁለት ሰፈር ሕዝብ፣ አንድ ወር የሚያበላ ምግብ፣ አንዲት መቆፈሪያ የለችም። ለካ እሱም ያንኑ አስቦ ኖሯል። ይህ ነው ያንገበገበኝ። ያቺን ብልጠት እኔ ብቻ የወለድኳት መስሎኝ በኩራት ስንጠራራ፣ እሱም በጓዳው መንታዋን ሲያሳድግ ከርሟል።

ሕዝቡ ፊት ለፊት ተቀመጠ፤ እኛ በላይ፣ እነሱ በታች። ማንም መሶብ አልከፈተም። የነሱን የቀመሰ የነሱ እንግዳ ሊባል ነው፤ የእኛን የቀመሰ የእኛ። ልጆች ሲያለቅሱ እናቶች ዝም ያሰኙ ነበር። በዚህ መካከል የማዘጋጃ ቤቱ የጭነት መኪና ቱቦ ተሸክማ እያቃሰተች ደረሰች። ጸሐፊው ወረደ። ወደ እኛ አየ፣ ወደ እነሱ አየ።

«ሰርግ ነው?»

ሁለቱም ሰፈር መሶቡን ወደ ራሱ ሳብ አደረገ።

«መቆፈሪያው የት አለ?»

የላይኛው ሰፈር በሙሉ ወደ ታችኛው ጠቆመ። የታችኛው ሰፈር በሙሉ ወደ ላይኛው ጠቆመ። እኔ ነገሩን ላለዝብ ብዬ በርጩማ ይዤ ሮጥኩ፤ «ጌታዬ፣ እዚህ ይቀመጡ፣ አንድ ጉርሻ» ስል፣ ልብስ ሰፊው በሌላው በኩል ደርሶ «እዚህ ይሻልዎታል፣ ጥላ ነው» ይላል። እኔ ቀኝ እጅጌውን፣ እሱ ግራውን። ሰውዬው ሊቀደድ ምንም አልቀረው።

«ልቀቁኝ!» አለ ጸሐፊው። «እስከ ማክሰኞ ነው። ማክሰኞ ስመጣ ቦዩ ተቆፍሮ ካላየሁ ቱቦው ማዶ ይሻገራል። አለቀ!»

እህል ሳይቀምስ ሄደ። ሾፌሩ ግን ለሁለቱም ሰፈር የማይወግን ነጻ ሰው ስለሆነ፣ ከእኛም ከእነሱም በደንብ በልቶ፣ ኪሱን በዳቦ ሞልቶ ነው የተነሣው። በዚያ ቀን በጎንደር ከተማ በደስታ የዋለ እሱ ብቻ ነው።

የራሳችንን ድግስ ተሸክመን ተመለስን። ከሰዓት በኋላ እህሉን ለጎረቤት ሳከፋፍል ባለቤቴ ከወንዝ መጣች። ቀሚሷ ከወገቧ በታች ርሷል፣ ክርኗ ተልጧል። በእጇ የያዘችው የእንስራ ጆሮ ብቻ ነው።

«ከወለቃ ሸክላ ሠሪዎች የገዛነው እንስራ ሄደ» አለች። አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። ደጃፉ ላይ ተቀመጠችና ሆዷን በሁለት እጇ አቀፈች። «ቀጥሎ የምወድቀው በሆዴ ነው። ሂድና ከሰውዬው ጋር ታረቅ።»

«አልተጣላንም እኮ።»

«እሱ ነው የባሰው።»

ልሂድ ብዬ ነጠላዬን አጣፋሁ። እስከ ሜዳዋ ወረድኩ። ከዚያ ወዲያ እግሬ እምቢ አለ። ሄጄ ምን ልበለው? እናንተ አብሉ፣ እኛ እንቆፍር? ይህን ከምል አፌ ቢጠፋ እመርጣለሁ ብዬ ተመለስኩ። ለባለቤቴ ሰውዬው ቤቱ የለም አልኳት። አላመነችኝም።

አርብ ጠዋት ሱቄን ስከፍት ልብስ ሰፊው ደጄ ቆሟል። ኮት አልለበሰም። እጅጌው የተጠቀለለ ተራ ሸሚዝ ለብሶ፣ ትከሻው ላይ ዶማ አጋድሟል። ዶማ እንኳ ያምርበታል፤ ሰው በዶማ እንዴት ያምርበታል?

«አያ፣ ደቦ ጥራን» አለኝ።

«ምን?»

«ጥራንና እንመጣለን። ዶማውን እኛ፣ ድግሱን እናንተ። ባለቤቱ አንተ ሁን።»

ተንኮሉን ፈለግሁ። ፊቱን አገላብጬ አየሁ፤ ተንኮል የለም። እሱ ነው ያናደደኝ። እኔ ሜዳዋ ላይ ቆሜ መናገር ያቃተኝን ነገር እሱ ደጄ ድረስ መጥቶ፣ ጨው እንደሚገዛ ሰው፣ እንዲሁ ተናገረው።

«ሰፈርህ ምን ይልሃል?»

«ሰፈሬ ትናንት ሲሰድበኝ አመሸ። ዛሬ ደግሞ ጠማን ይላል። ምን ላድርግ? ትጠራናለህ ወይስ አትጠራንም?»

አፌን ከመክፈቴ ከሱቁ ጀርባ ካለው ጓዳችን የባለቤቴ ድምፅ መጣ።

«ጠርቷችኋል! ሰኞ በጠዋት ኑ!»

ሰኞ መጡ። እንዴት ያለ አመጣጥ መሰላችሁ! ዶማው፣ አካፋው፣ ድጅኖው ፀሐይ ላይ ሲያብረቀርቅ ጦር ይመስላል። እኔም ባለቤት ሆኜ፣ ቀበቶዬን አጥብቄ፣ አዲስ ነጠላ ለብሼ ተቀበልኳቸው። ያሰብኩት ሆነልኝ ማለት ነው። እንግዶቼ ናቸው፤ እህሌን ሊበሉ፣ ሥራዬን ሊሠሩ መጡ። ደስታዬ የቆየችው የመጀመሪያው ዶማ መሬት እስኪነካ ነው።

ባለ ደቦ ሥራው ምን እንደሆነ ረስቼው ኖሯል። ይሮጣል። «ጠላ!» ሲሉት ጠላ፣ «ውሃ!» ሲሉት ውሃ፣ «ጨው አነሰው!» ሲሉት ጨው። የሚቆፍረው ግን ንጉሥ ነው። ሴቶች እልል የሚሉት ለሱ ነው። የገዛ ባለቤቴ ያን ሆዷን ይዛ ቦዩ አፍ ድረስ ሄዳ ለልብስ ሰፊው በዋንጫ አቀረበችለት። «ጠጣ ወንድሜ፣ እጅህ አይጎዳ» ስትለው በጆሮዬ ሰማሁ። ከተጋባን ጀምሮ ለእኔ እጅ አንድ ቀን አዝና አታውቅም።

ልብስ ሰፊው ጠላውን ጨልጦ፣ አፉን ጠርጎ፣ ግጥም አወጣ፦

«ወዲያ ወዲህ ይላል ወጡን ተሸክሞ፣
እኛ እንቆፍራለን እሱ ላበው ቆሞ።»

ቆፋሪው ሁሉ ተቀበለው። በየዶማው ምት ይደጋግሙታል። ተራራው እንኳ የተቀበላቸው መሰለኝ። እኔ መልስ ግጥም ፍለጋ ጭንቅላቴን ብበረብር የመጣልኝ ሁሉ የሚያልቀው «ወጥ» በሚል ቃል ነው፤ እጄ ላይ ያለው እሱ ነበራ።

የሰፈሬ ሰዎች መጀመሪያ እንደ ባለቤት ደንብ ቆመው ነበር። ዘፈኑ ሲሞቅ አንዱ ሹልክ ብሎ አካፋ ተቀበለ። ሌላው ድንጋይ አነሣ። ያ ዶማውን ያስመለስኩት ጎረቤቴ ቤቱ ሮጦ ዶማውን አመጣና እንደ እብድ ይቆፍር ጀመር። ቄሱ ሳይቀሩ መቋሚያቸውን አስቀምጠው ጠጠር ይለቅማሉ። ዞር ስል ባለቤት የቀረሁት እኔ ብቻ። መሶቤን አስቀምጬ ወደ ቦዩ ዘለልኩና አንድ ዶማ ያዝኩ።

«ኧረ! ባለ ደቦ አይቆፍርም!» ብሎ ሁለቱም ሰፈር ባንድ አፍ ጮኸብኝ። ዶማውን ከእጄ ወሰዱት። በመጀመሪያ የጮኸው ማን እንደሆነ ልንገራችሁ? ያው ጎረቤቴ ነው።

ማክሰኞ ጸሐፊው ሲመጣ ቦዩ ከዋናው መንገድ እስከ ሜዳዋ እንደ ገመድ ቀጥ ብሎ ተዘርግቷል። እኔ ፊት ሆኜ ቆሜያለሁ። ባለ ደቦው እኔ መሆኔን ቄሱ ነገሩት፤ በሁለት እጁ ጨበጠኝ። ልቤ ልትፈነዳ ነበር። ወዲያው ግን «ማን ነው እንዲህ ቀጥ አድርጎ ያስቆፈረው?» አለ፤ ሰው ሁሉ ልብስ ሰፊውን ወደ ፊት ገፋው። ጸሐፊው እጁን ይዞ መዳፉን ገለበጠው። ውሃ የቋጠረ፣ የተላጠ መዳፍ። ለሁሉም አሳየው፤ ሰውም አጨበጨበ። እኔ የራሴን እጅ ነጠላዬ ውስጥ ደበቅሁ፤ ወጥ ወጥ ይሸታል።

ክረምቱ ሳይገባ ቱቦው ተቀበረ፣ ቧንቧው ቆመ። ውሃው መጀመሪያ ቀይ ሆኖ፣ ተፍቶ ተፍቶ ጠራ። ቧንቧውን ግንበኛው በክንድ ያህል ወደ እኛ ሰፈር አስጠግቶ ነው የተከለው፤ ይህን ላገኘሁት ሁሉ መናገር አላቆምኩም። ሰው ግን የልብስ ሰፊው ቧንቧ ብሎ ጠራው፤ ልጆቻችን ሳይቀሩ። «የልብስ ሰፊው ጋ ሄጄ ልምጣ» ይላሉ። አንድ ሁለት ሳምንት የላይኛው ቧንቧ እያልኩ ሞክሬ፣ ባለቤቴ የት ያለው እንደሆነ ጠየቀችኝና ተውኩት።

ባለቤቴ ከነሆዷ በአዲስ እንስራ ቀድታ፣ ላብ እንኳ ሳይነካት፣ ደጃፉን ተሻግራ ስትገባ በጣሳ ሰጠችኝ።

«እንዴት ነው?»

«ብረት ብረት ይላል።»

«እንግዲያው አትጠጣው» ብላ ጣሳውን ልትወስድ እጇን ዘረጋች። አልለቀቅኩም። ጨርሼ ደገምኩ።

ከሁሉ የባሰብኝ ግን ሳቁ ነው። ሱቄ ቁጭ ብዬ እሰማዋለሁ። በየማታው ከቧንቧው በኩል ድፍን ሰፈር ይስቃል፤ ባለቤቴ እንስራዋን ተሸክማ ስትመለስ ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

«ምን አለ?» እላታለሁ።

«ተወኝ እስቲ፣ ውሃውን ታስደፋኛለህ!»

«ምን አለ እኮ?»

ለመናገር ትጀምርና ሳቁ ያቋርጣታል። እንስራዋን አስቀምጣ፣ ወገቧን ይዛ፣ እንደገና ትጀምራለች፤ እንደገና ያቋርጣታል። አንድ ቀን ትዕግሥቴ አለቀ። ላምባ ሊገዛ የቆመውን ሰው ነገ ና ብዬ አሰናበትኩ። ቤቱ ውስጥ የሞላ እንስራ ተቀምጦ፣ ባዶ ጣሳ ይዤ፣ ሱቄን ቆልፌ ወደ ቧንቧው ወረድኩ።